ማክሰኞ የማይደርስ ፍቅር

ዘመኑ ከፍቷል ለማለት ዕድሜዬ ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ እላለሁም፤ ከፍቷል። ድሮ ሰው የሚዋደደው በምክንያት ነበር። አብሮ አደግ ነው፣ የክርስትና አባቱ ነው፣ በቸገረው ቀን ብር አበድሮታል፤ ቢጠፋ ቢጠፋ የአገር ልጅ ነው። ለንደን ስመጣ ግን ፍቅር በኪኒን መልክ ተዘጋጅቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲሸጥ አየሁ። ቁመተ ሎጋ ጎረምሳ የጥፍር ያህል ነገር ይውጥና ሰዓት ሳይሞላው የአዳም ዘር ሁሉ ወንድሙ ይሆናል። እኛ ስንት ጾምና ስግደት ፈጅተን ጎረቤታችንን እንኳ በወጉ መውደድ ያቃተንን፣ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ይጨርሰዋል።

ያየሁትን ነው የማወራው። የሌሊት ሚኒካብ ሹፌር ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ ከጭፈራ ቤት የሚወጡትን እየለቀምኩ ነው ያረጀሁት።

የነገሩን አመጣጥ ለማያውቅ ልንገር፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ። በ1987 ፖል ኦክንፎልድና ዳኒ ራምፕሊንግ የሚባሉ የለንደን ዲጄዎች ከጓደኞቻቸው ጋር ለዕረፍት ኢቢዛ ወደምትባል የስፔን ደሴት ሄዱ። ሰው ከዕረፍት ሲመለስ ሽቶና ቸኮላት ያመጣል። እነዚህ አዲስ የአኗኗር ሥርዓት ይዘው መጡ። ራምፕሊንግ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሳውዝዋርክ ውስጥ ባለ አንድ ጂም ‹ሹም› የሚባል ክለብ ከፈተ። ስሙ ሹም ይሁን እንጂ ሹምም ምንዝርም የሌለበት ቤት ነው። እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት ጭስ ይለቀቃል፣ ፈገግ ያለ ቢጫ ክብ ፊት በየቦታው ይለጠፋል፤ ሰው በጭሱ ውስጥ ማን አጠገብ እንደቆመ ሳያይ ያድራል። በማግስቱ ዓመት አገሩን ሞላው፤ 1988ን ‹ሁለተኛው የፍቅር በጋ› አሉት። ሰን የሚባለው ጋዜጣ ሳይቀር በጥቅምት ወር የቢጫውን ፊት ቲሸርት ለአንባቢዎቹ ሲያሻሽጥ ቆየና፣ ወሩ ሳያልቅ ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ ይጮህ ጀመር። ጋዜጠኛ በሁለት ቢላ መብላት የትም አገር ያውቅበታል።

ሐሳባቸውን ልንቀው አልችልም። የባንክ ሠራተኛውና ግንበኛው፣ ጥቁሩና ነጩ፣ እኩል ላብ በላብ ሆነው ያድራሉ። ልብስህ ምንድን ነው፣ አባትህ ማነው የሚል የለም። ቅዳሜ ቀን ስታዲየም ላይ ሲፈነካከቱ የዋሉ የኳስ ደጋፊዎች ማታ ተቃቅፈው ያለቅሱ ነበር ይባላል። እኔ በር ለበር ሆነን ስሜን ሳይጠይቀኝ የሞተ ጎረቤት የነበረኝ ሰው፣ ይህን ሰምቼ እንዴት አልቀና? አሜሪካኖቹ ደግሞ ሃይማኖቱን በአራት ቃል ጨርሰውታል፤ ሰላም፣ ፍቅር፣ አንድነት፣ አክብሮት። መነሻው በ1990ዎቹ መጀመሪያ የብሩክሊኑ ዲጄ ፍራንኪ ቦንስ ነው። ድግሱ ላይ ጠብ ሲነሳ ማይክ ይዞ፣ ሰላምና ፍቅር ካላሳያችሁ ፊታችሁን እሰብረዋለሁ አለ ይባላል። ይህ ሰው እኛ ዘንድ ቢወለድ ጥሩ የሽማግሌ ሰብሳቢ ይወጣው ነበር።

ሐሳቡ እንዲህ ካማረ ታዲያ ምን ያነጫንጭሃል ትሉኝ ይሆናል። አንዱን ተሳፋሪዬን ልንገራችሁ።

እሑድ ማለዳ ነው። ልጁ ከኋላ ገባ። የዐይኑ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ብቻ ሆኗል። መንጋጋው ያለ ሥራ ይፈጫል፤ ማስቲካ አለበት፣ ጣዕሙ ካለቀ የቆየ ማስቲካ። አፍንጫው ሥር እኛ ለጉንፋን የምንቀባውን ቪክስ ተለቅልቋል። የወንበሩን ልብስ በመዳፉ እየዳበሰ «ይሄ ምንድን ነው? እንዴት ይለሰልሳል!» አለኝ። ርካሽ ናይለን ነው፤ ከሰንበት ገበያ የገዛሁት። ቀጠለና አንገቴን ከኋላ አቀፈኝ፤ እየነዳሁ! «በሕይወቴ እንዳንተ ያለ ጥሩ ሰው አላየሁም» አለኝ። ከተሳፈረ ሦስት ደቂቃው ነው። አገሬን ጠየቀኝ፤ ኢትዮጵያ ስለው ዕንባው መጣ። ላሊበላን አብረን ልናይ ተማማልን። ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቀኝ ቃል ገባ። ከዚያ ጃኬቱን ረስቶ ወረደ።

ማክሰኞ ጃኬቱን ሊወስድ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል፣ ዐይኑ ጎድጉዷል። ላሊበላ የለ፣ እናት የለ። ኪሱን አንድ በአንድ ፈተሸ፣ ሳንቲሙን ቆጠረ፣ የጎደለ እንዳለ ሁሉ ቀና ብሎ አየኝና አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ሄደ። የእሑዱ ወንድሜ!

ኋላ ስጠይቅ ምክንያቱን ነገሩኝ። ኤክስታሲ የሚሉት ኪኒን መርክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1912 ለሌላ መድኃኒት ፍለጋ ላይ ሳለ የቀመመው ነው። አንጎል ውስጥ ስሜትን የሚያረጋጋ ሴሮቶኒን የሚባል ቅመም አለ። ኪኒኑ ያንን በየቀኑ በቁንጥር የሚወጣውን ነገር፣ የወሩን አስቤዛ ቅዳሜ ማታ አውጥቶ እንደሚደግስ ሰው፣ በአንድ ሌሊት ያስጨርሰዋል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ጓዳው ባዶ ነው፤ ልብ ይጨልማል፣ ሰው ያስጠላል። እንግዲህ የሰው ዘር ሁሉ ወንድምነት ማክሰኞ ላይ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ስናገር የእህቴ ልጅ ይስቅብኛል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛውን እኛ አስተማርነው፣ ክርክሩን ከየት እንዳመጣው አናውቅም። «ጋሼ፣ እናንተስ ትቅሙ አልነበረም እንዴ?» ይለኛል። ድፍረቱን አያችሁልኝ! ጫት ቅጠል ነው! ኤክስታሲ በዚህ አገር ከ1977 ጀምሮ ከሄሮይን እኩል በአንደኛ ደረጃ የተከለከለ ነው። ጫት ግን እስከ ሰኔ 2014 ድረስ በጠራራ ፀሐይ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ፣ በሂትሮው በኩል ይገባ ነበር። የመንግሥት አማካሪዎች ራሳቸው በ2013 ጉዳቱ ለእገዳ አያበቃም ብለው ጽፈው ሳለ ነው የታገደው። እኔ ሕግ ተላልፌ አላውቅም፤ ሕጉ ነው ጥሎኝ የሄደው።

ፍቅርማ በርጫውም ላይ ነበር። ምርቃናው ሲገባ ስንት ፋብሪካ አቁመናል! አንዱ ባሕር ዳር ላይ ዘይት መጭመቂያ፣ ሌላው ሐዋሳ ላይ ሆቴል። አክሲዮን ተከፋፍለን፣ ሊቀመንበር መርጠን እንለያያለን። ሌሊት ዱካክ ያሳድደናል፤ ሲነጋ ሊቀመንበሩ ስልክ አያነሳም። ታዲያ ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ያው ሊቀመንበር የዕቁብ ቀን ሳይወድ በግዱ ይመጣል። ፋብሪካው ቀረ፣ ዕቁቡ አልቀረም። ያስተሳሰረን ቅጠሉ መስሎን ነበር እንጂ ያስተሳሰረን ዕዳው ነው።

የእነሱን ፍቅር ደግሞ ገበያው ቶሎ ነቃበት። ማንቸስተር ውስጥ በ1982 የተከፈተ ሐሲየንዳ የሚባል ስመ ጥር ክለብ ነበር፤ ከባለቤቶቹ መሐል ኒው ኦርደር የሚባሉት ሙዚቀኞች ይገኙበታል። በኤክስታሲው ዘመን ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፣ ካዝናው ግን ባዶ ያድራል። ኪኒን የዋጠ ሰው ቢራ አያምረውማ፤ የሚጠጣው ውሃ ነው። ትርፉን ጥግ ይዘው የቆሙት ሻጮች ወሰዱት፤ ከሻጮቹ ኋላ ሽጉጥ መጣ፤ በ1997 ቤቱ ተዘጋ። ሌሎች ክለቦች ብልሃት አገኙ። የመጸዳጃ ቤቱን የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ይዘጉና የታሸገ ውሃ በውድ ይሸጣሉ። ከላይ ዲጄው ሁላችን አንድ ነን ይላል፣ ከታች ባለቤቱ ቧንቧ ይቆልፋል። እኔ ገጠር ያደግሁ ነኝ፤ ለመንገደኛ ውሃ የከለከለ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

በዚህ ነገር ላይ አልቀልድም። ኪኒኑ የሰውነትን ሙቀት ያወጣል፤ ሰውየው ድካሙም ጥማቱም ሳይሰማው በታፈነ ቤት ለሰዓታት ይጨፍራል። በሙቀት የሞቱ አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ በ1995 ኤሴክስ ውስጥ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ልደቷን ስታከብር ኪኒን ወሰደች፤ ውሃ ጠጪ የሚለውን ምክር ሰምታ ስለነበር ከ90 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሰባት ሊትር ያህል ጠጣች። ኪኒኑ ኩላሊት ውሃውን እንዳያስወጣ ይይዛል፤ የደሟ ጨው ቀጠነ፣ አንጎሏ አበጠ፣ ሞተች። ምክሩ ደርሷት ነበር፤ ልኩ ግን አልደረሳትም። ለሚጨፍር ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል፣ ፉት እያሉ፤ ልኩ ይህ ነው።

ልኩን ሲያስተምሩ የኖሩትን ሰዎች ነው እኔ ማኅበር የምላቸው። ማንቸስተር ውስጥ በ1992 ለጭፈራ ቤቶች መመሪያ ወጣ፤ ቀዝቃዛ ውሃ በነጻ ይሰጥ፣ ነፋስ የሚገባበት ማረፊያ ይኑር፣ የደከመውን የሚያይ ሰው ይመደብ የሚል። ቧንቧውን ለማስከፈት የፈጀውን ጊዜ ስሙ፦ መጠጥ የሚሸጥ ቤት ሁሉ የቧንቧ ውሃ በነጻ እንዲሰጥ በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ የሆነው በ2010 ነው! በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ክለብ ደጃፍ ስቆም አያቸው ነበር። ሁሉም ሲተቃቀፍ እነሱ የወደቀ ቀና ያደርጋሉ፣ የሚያስመልሰውን ፀጉሩን ይዘው ይቆማሉ፣ የማያውቁትን ልጅ እኔ መኪና ውስጥ አስገብተው ሂሳቡን ይከፍላሉ። «እወድሃለሁ» ያለኝ ከእነሱ መሐል ትዝ አይለኝም።

መንግሥት ግን ሊያጠፋ የተነሳው ምቱን ነበር። በግንቦት 1992 ካስልሞርተን በሚባል ሜዳ ከ20,000 በላይ ሰው ያለ ፈቃድ ተሰብስቦ ሳምንት ያህል ሲጨፍር ሰነበተ፤ የሰፈሩ ሰው እንቅልፍ አጣ፣ ጋዜጦቹ አበዱ። በ1994 የወጣው ሕግ፣ 100 ሰው ሜዳ ላይ ሌሊት ተሰብስቦ እየተደጋገመ የሚመታ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ቢያሰማ ፖሊስ ይበትነው አለ። በ2003 ቁጥሩን ወደ 20 አወረዱት። ሃያ ሰው! እኛ ዘንድ ሃያ ሰው ለሽምግልና የሚሄድ ነው። ከበሮስ ካልተደጋገመ ምኑን ከበሮ ሆነ? ደግነቱ ሰርጋችንን አዳራሽ ውስጥ እናደርጋለን።

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። የእህቴ ልጅ ትኬቱን ከወራት በፊት ይቆርጣል፣ አንጓው ላይ ክር ያስራል፣ «ጋሼ፣ እዚያ ያሉት ቤተሰብ ናቸው» ይለኛል። ትኬት የሚያስቆርጥ ቤተሰብ! ዲጄው መድረክ ላይ እጁን ሲያነሳ ሺህ ስልክ አብሮ ይነሳል፤ ድሮ ማን አጠገባቸው እንዳለ በጭስ ምክንያት አያዩም ነበር፣ ዛሬ በስክሪን ምክንያት አያዩም። የሚውጡትንም አያውቁትም። በ2016 ካምብሪጅሸር ውስጥ በተደረገ አንድ የሙዚቃ ድግስ ላይ ‹ዘ ሉፕ› የሚባሉ በጎ አድራጊዎች ድንኳን ተክለው፣ ወጣቱ የገዛውን አምጥቶ እንዲያስመረምር አደረጉ። ከተገኘው መሐል ኮንክሪትና የወባ መድኃኒት ነበረበት። አስቡት፤ እኛ ወባን ሸሽተን ደጋ ለደጋ ስንኖር፣ እነዚህ ወባ በሌለበት አገር ጭቃ ላይ ቆመው ለወባ መድኃኒት ገንዘብ ይከፍላሉ። ያም ሆኖ ድንኳን ተካዮቹን አመሰገንኩ፤ ሳይሰብኩና ሳይሳደቡ እውነቱን ነገሯቸው።

ፍርዴን ልስጥ። ኪኒኑ ሌባ ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸው የሠሩትን ደግነት የእኔ ነው ብሎ ይወስዳል። እዚያ ሜዳ ላይ የነበረው እውነተኛ ነገር፣ ውሃ ያቀበለው፣ የታመመውን ቤቱ ያደረሰው፣ በነጋታው ቆሻሻውን የለቀመው ሰው ነው። ያ ሰው ኪኒን ባይኖርም ያንኑ ያደርግ ነበር፤ ኪኒኑ ያለ ያ ሰው ግን አስከሬን ነው የሚያተርፈው።

እናንተ ልጆች፣ አትሂዱ ብል እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። እንግዲያው ይህን ስሙ። ጓደኛችሁን ብቻውን ትታችሁ አትውጡ። ሰውነቱ ከጋለ፣ ከቀባዠረ ወይም ከወደቀ 999 ደውሉ፣ ለሐኪሙም የወሰደውን ሳትደብቁ ንገሩ። ማክሰኞ ደግሞ እንዴት ዋልክ በሉት፤ ወንድማማችነታችሁ የሚፈተነው ያን ቀን ነው። ሌላው፣ የእድራችን ስብሰባ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ጉልበታችን ደክሟልና ወንበር የሚሸከም ጎረምሳ ይፈለጋል። ትኬት የለውም።