ወንበሩ ይሠልጥን

ከሉማሜ ገጠር በሌሊት ተነሥተው በእግር የመጡ አንድ አዛውንት ልክ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ቢሮ በር ደረሱ። ጉዳያቸውን አልነግራችሁም። ጉዳዩን ከነገርኋችሁ ቢሮውን ታውቁታላችሁ፤ ቢሮውን ካወቃችሁት ደግሞ የእኔም ጉዳይ እዚያው ያድራል። የኃላፊው ወንበር ላይ ኮት ተንጠልጥሏል። ኮቱ ሰዓት አክባሪ ነው፤ ከባለቤቱ ቀድሞ ይገባል፣ ከባለቤቱ ዘግይቶ ይወጣል።

«ልጄ፣ ባለ ኮቱ የት አሉ?»

«ሥልጠና ሄደዋል አባቴ፤ ደብረ ማርቆስ።»

«የምን ሥልጠና?»

«የተገልጋይ እርካታ።»

አዛውንቱ ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ተገልጋዩ እዚህ፣ እርካታው ማርቆስ! ታዲያ መቼ ልንገናኝ ነው?»

ወጣቱ ሠራተኛ ዝም አለ። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ መስጠት ከሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

እኔ ግን በዚህ ነገር ከአዛውንቱ ጋር አልስማማም። ሥልጠናው ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «የአመለካከት ችግር» የሚባል ወረርሽኝ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ አዳርሷል። ያገኛችሁትን ሪፖርት አንሡና የመጨረሻውን ገጽ ግለጡ፤ «ያጋጠሙ ችግሮች» ከሚለው ሥር ተደላድሎ ተቀምጧል። ፋይል ጠፋ? አመለካከት። እቅዱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ? አመለካከት። ጣሪያው አፈሰሰ? እሱ እንኳ የግብዓት እጥረት ነው፤ ባልዲ ያላስቀመጠው ሠራተኛ ግን የአመለካከት ችግር አለበት። በሽታው ደግሞ ሰው ይመርጣል፤ የሚይዘው ከኃላፊ በታች ያለውን ብቻ ነው። ኃላፊውን የሹመት ደብዳቤው ከትቦታል።

መድኃኒቱ ሥልጠና ነው፤ የሚወሰደውም ከአበል ጋር፣ ከምግብ በኋላ። የሉማሜ ወረዳ አዋበል መባሉ አንዳንዴ ያስገርመኛል። አበው አበል የሚባል ነገር እንደሚመጣ ቀድመው አውቀው፣ መሐሉ ላይ «ዋ!» ብለው አስጠነቀቁን መሰለኝ። አልሰማናቸውም።

መድኃኒትስ መች አጣን? ቢፒአር የሚባል የአሠራር ለውጥ ዋጥን፤ ቢኤስሲ የሚባል የውጤት መለኪያ ተከተለ። በ2004 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመና «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት» እያሉ የሚቆጠሩት አምስቱ «ማ» ከጃፓን ፋብሪካ ተነሥተው ግድግዳችን ላይ ተለጠፉ። እኛም ውለታ አንረሳምና ስድስተኛውን «ማ» ጨመርንላቸው፦ ማሳደር።

የሠራተኛው እርካታም ሳይለካ አይታለፍም። መጠይቁ ከ«በጣም ረክቻለሁ» እስከ «በጣም አልረካሁም» አምስት ሳጥን አለው። ስም መጻፍ አያስፈልግም ይላል። የሚሞላው ግን አለቃው ፊት፣ በአለቃው እስክሪብቶ ነው፤ ሰብሳቢውም እሱው። ስለዚህ ሁሉም በጣም ረክቷል። ከእርካታ ብዛት ሥራ ያቆመ ሠራተኛ ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ፈረንጆች ነገሩን ያካብዱታል። በ1924 (እንደ እነሱ አቆጣጠር ነው) ቺካጎ አጠገብ ሃውቶርን በሚባል ፋብሪካ መብራት እያደመቁና እያደበዘዙ ሠራተኛውን ማጥናት ጀመሩ፤ መብራቱ ሲደበዝዝም ሥራው ጨመረ ይባላል። ሠራተኞቹ «የሚያየን፣ ከቁጥር የሚያስገባን ሰው አለ» ብለው ነው አሉ። እኛ ዘንድ ሙከራው አጭር ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ «ሲስተም የለም» ይባላል፣ ሁሉም ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። በ1959 ደግሞ (ይህም በእነሱ ነው) ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የሚባል ምሁር ፒትስበርግ ላይ 200 ያህል መሐንዲሶችንና ሒሳብ ሠራተኞችን ጠይቆ ያገኘውን አሳተመ። ደመወዝ፣ አለቃና የሥራ ቦታ ሲጎድሉ ሰውን ያስመርራሉ፤ ሲሟሉ ምሬቱን ያስታግሣሉ እንጂ ለሥራ አያነሣሡም። የሚያነሣሣው የሠሩትን ፍሬ ማየት፣ ምስጋና፣ ኃላፊነትና እድገት ነው አለ። ምስኪን! ሁለቱንም ወገን ባንድ ጊዜ ማጉደል የሚችል መሥሪያ ቤት አላጋጠመውም።

ደመወዙማ ተጨምሯል፤ ሐሜት አልወድም። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 1,100 ብር ነበር፤ በእኛው 2017 ዓ.ም. 4,760 ገባ፣ በ2018 መግቢያ ደግሞ 6,000 ብር ሆነ። ምን ያደርጋል፣ ዜናውን ከሠራተኛው ቀድሞ የሰማው ጤፍ ነው። ቤት አከራዩም ሬዲዮ አለው።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ደጅ ሲጠኑ ዋሉና 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን «ነገ ይምጡ» ተባሉ። ለነገው ወረቀታቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ከአስፋልቱ ማዶ ካለች አንዲት ሱቅ ጎራ አሉ።

«ይግቡ አባቴ፣ አረፍ ይበሉ» አለ ባለሱቁ፣ በርጩማውን በክንዱ እየጠረገ። ወረቀቱን ተቀበላቸው፤ የተጨማደደውን ጥግ በመዳፉ ተጭኖ አቃናው። የመጀመሪያው ኮፒ ደብዘዝ ሲልበት ቀዶ ጣለና ደገመው፤ ለተበላሸው አላስከፈለም። ዝናብ እንዳይነካውም በፌስታል ጠቀለለላቸው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አዛውንቱ ፊቱን ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ እዚያ ማዶ የሚሠራ መንታ ወንድም አለህ?»

መንታ የለውም። የጠዋቱ ወጣት ራሱ ነው፤ ሱቋን ከሥራ መልስ ይከፍታታል።

ይህን እንግዲህ ለሳይንስ አበርክቻለሁ። ሲነጋ የአመለካከት ችግር የነበረበት ጭንቅላት ሲመሽ አስፋልት ተሻግሮ ዳነ፤ ያለ አሠልጣኝ፣ ያለ አበል፣ ያለ ሻይ እረፍት። ጭንቅላቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የተቀመጠበት ነው። ሱቁ ውስጥ የጀመረውን ራሱ ይጨርሰዋል፤ ያበላሸውን ራሱ ይከፍላል፤ «እግዜር ይስጥህ» ሲባልም ሰሚው ራሱ ነው። ቢሮው ውስጥ ግን የሚፈርመው ሰው ማርቆስ ስለሄደ እጁ ታስሯል። ቢሠራም ባይሠራም የወሩ መጨረሻ አንድ ነው፤ ትንሽ ከተጋማ «ምን ፈልጎ ነው?» ይባላል። እሱንም ነጻ አላወጣውም። በአለቃው ላይ ሊወጣው ያልቻለውን ምሬት የተወጣው በእኒያ አዛውንት እግር ላይ ነው፤ ቢያንስ በጠዋቱ «ዛሬ የሚፈርም የለም፣ አይድከሙ» ሊላቸው ይችል ነበር።

ስለዚህ አንድ ትሑት ሐሳብ አለኝ። ለሚቀጥለው ሥልጠና ሰው ይቅርና ወንበሩ ይላክ። ኮቱ እንደሆነ ከላዩ አይወርድም፣ አብሮ ይሠለጥናል። ወንበር አበል አይጠይቅም፤ መጠይቁንም ያለ ፍርሃት ይሞላል። አዛውንቱም ነገ ሲመለሱ ቢያንስ ቆሞ የሚያናግራቸው ሰው ያገኛሉ።