ደጅ ድፋው

እኔ የመተማ ዮሐንስ ልጅ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለኩራት አይደለም፤ ከዚህ በታች የማወጋችሁን ጅልነት ስትሰሙ ፍርዳችሁን እንድታለዝቡልኝ ነው። “አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት” ካልኩ አገሬ የት እንደሆነ ጠፋኝ የሚል ሐበሻ የለም። ሙቀቱን ግን ያልቀመሰው አያውቀውም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ 40 ዲግሪ ማለፍ ወግ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከሮቶ የሚወርደው ውሃ ይፋጃል፤ ሻይ ለሚያፈላ ሰው ግማሹ ሥራ ተሠርቶለት ይጠብቀዋል።

እኛ ቤት ታዲያ ጠላታችን የውሃ መሞቅ ነበር። እናቴ ጀሪካኑን በጆንያ ትጠቀልልና ጆንያውን በውሃ አርሳ ነፋስ የሚመታው ጥላ ሥር ታቆመዋለች። ጆንያው እየደረቀ በሄደ መጠን ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ስለ ውሃና ስለ ሙቀት የተማርኩት ሳይንስ ይኸው ነው፤ ሌላ ያስተማረኝ የለም።

የፍሳሽ ቱቦ የሚባል ነገርም በቤታችን አልነበረም። የዕቃ እጣቢ መሄጃው ግቢው ነው። እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አይደፋም። እናቴ ሳፋውን በግራ ክንዷ አቅፋ፣ በቀኝ እጇ እየዘገነች አቧራው ላይ ትረጨዋለች። አቧራው ረገብ ይልና ለአፍታ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። ተመልሳ ቤት ሳትገባ መሬቱ ደርቋል።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ኑሮ ገፍቶ ሚኒያፖሊስ የጣለው።

የተከራየነው አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ወጥ ቤቱ ከኋላ የተቀጠለ ስለሆነ ሥሩ ባዶ ነው፤ የሲንኩ ፍሳሽ የሚያልፈው በዚያ ነፋስ በሚያፏጭበት ባዶ ውስጥ ነው። አብሮኝ የሚኖረው የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ መተማ 700ም እንጃ። ስለዚህ በቤታችን የብርድ ጉዳይ ሚኒስትሩ እሱ ነበር። “ውርጭ ረግጬ ነው ያደግሁት” ካለ በኋላ ማን ደፍሮ ይከራከረዋል?

የ2011 አስተርእዮ ማርያም ዕለት ማታ፣ ጥር 21 መሆኑ ነው፣ ከዋልታ የወረደ ብርድ እየመጣ ነው ተባለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። በዚህ አገር በበረዶም በጎርፍም የማይቀረው ፖስታ እንኳ ነገ አይታደልም ተባለ። እኔ የደነገጥኩት ያኔ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቀደም ብሎ መክሮኝ ነበር። “ማታ ቧንቧውን ጨርሰህ አትዝጋው፤ ክር ያህል ልቀቀው።” ምክሩ ትክክል ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ያብጣል፤ መውጫ ባጣበት ቧንቧ ውስጥ ካበጠ ደግሞ መዳቡንም ይሰነጥቀዋል። የሚንቀሳቀስ ውሃ ግን ቶሎ አይረጋም። ችግሩ የመተማ ሰው ውሃ ዝም ብሎ ሲፈስ እያየ መተኛት አይሆንለትም። ጀሪካን በአህያ ሲመጣ እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ክር የተባለውን ቆጥቤ ጠብታ አደረግሁት። ጠብ። ጠብ። ጠብ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጧት ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ነበር። ቧንቧው ጠብ ይላል። ኮራሁ። ቀና ካለው ዓይኔ ሥር ግን ሲንኩ ከግማሽ በላይ ሞልቶ፣ የበዓሉ ዶሮ ወጥ ቅባት ቀይ ቆዳ ሆኖ ላዩ ላይ ረግቷል። ገቢው ተርፎ ወጪው ተዘግቷል።

ሚኒስትሩ ወዲያው ሥራ ጀመረ። ከአገር ያመጣውን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይዞ ወጥ ቤቱ ሥር ገባና ቱቦውን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለለው። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ምንም። ነገሩ ዘግይቶ ነው የገባን፤ ብርድ ልብስ ያለን ሙቀት ይይዛል እንጂ ሙቀት አይወልድም። የረጋ ቱቦ ምን ሙቀት አለው? እናቴ በጆንያ ውሃ ታቀዘቅዛለች፣ እኛ ደግሞ በብርድ ልብስ በረዷችንን እንዳይቀልጥ አቀፍነው።

ከዚያ የፈላ ውሃ። አንድ ማንቆርቆሪያ ገለበጥን፤ ሲንኩ ይበልጥ ሞላ። ሁለተኛውን ምድጃ ላይ እንደጣድን እናቴ ደወለች። እሷ ዘንድ መሽቷል።

“የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ በረዶ ሆነ፣ እማዬ።”

“ውሃው?”

“እጣቢው።”

ዝም አለች። “እጣቢው በረዶ ሆነ?” ብላ እንደገና ጠየቀች። ከዚያ፣ “ኧረ በማርያም! ታዲያ ደጅ አትደፋውም ልጄ?”

እውነትም! ሳፋ አመጣሁ፣ ከሲንኩ እየጨለፍኩ ሞላሁና በጓሮው በር ወጣሁ። አየሩ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ጸጉሩ ይንቀጫቀጫል። እዚህ ላይ ሳፋውን ባንዴ ደፍቼ ብመለስ ይህ ወግ ባልተጻፈ። እጄ ግን ማንንም ሳያማክር በግራ ክንድ አቀፈ፣ በቀኝ ዘገነና ረጨ። ሦስት ጊዜ ነው የረጨሁት። በሦስተኛው ጣቶቼ የእኔ አልነበሩም። የቀረውን ደረጃው ላይ ለቅቄው ዞርኩና በዚያው እርጥብ እጄ የደረጃውን ብረት ጨበጥኩ። ብረቱ ያዘኝ። እኔ ስጎትት፣ አሁን የደፋሁት እጣቢ ከእግሬ ሥር መስታወት ሆኖ ነበርና ተንሸራትቼ ቂጤ ላይ ቁጭ፤ እጄ ላይ ተሰቅያለሁ። ሁለተኛው ማንቆርቆሪያ አገልግሎት የሰጠው ያኔ ነው። ሚኒስትሩ በቀዝቃዛ አለዝቦ እጄ ላይ አፈሰሰልኝ፤ እየሳቀ ነው ያፈሰሰው፣ ይህን አልረሳለትም።

ከሰዓት በኋላ ሕንፃ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ጋሼ መጡልን። ቱቦውን ከማየታቸው በፊት፣ “ቧንቧውን ጠብ ጠብ ያስባለው ማነው?” አሉ። እጄን አወጣሁ፤ በፋሻ የተጠቀለለውን።

“ጧፍ ሲሠራ አይተሃል?”

አይቻለሁ። ፈትሉ ሰም ይነከራል፣ ይወጣል፣ ይረጋል፤ ደግሞ ይነከራል፣ ይወፍራል። የእኔም ጠብታ እንዲሁ ነው። ብዙ ውሃ ባንዴ ቢሄድ ሙቀቱን ይዞ ያልፋል። ጠብታ ግን አቅም ስለሌለው የቀዘቀዘው ቱቦ ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ ይረጋል፤ የሚቀጥለው በላዩ ይረጋል፤ እስኪነጋ ቱቦው ድፍን ይሆናል። የወጡ ቅባትና የቡናው አተላ ደግሞ እንደ ጭቃ መርጊት ያጠናክሩታል። ገቢውን ላድን ብዬ ወጪውን የገደልኩት እኔው ነኝ።

ብርድ ልብሱን አስፈቱ። የሲንኩን ሥር ቁምሳጥን ከፍተው የቤቱ ሙቀት እንዲገባ አደረጉ። ወጥ ቤቱ ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከእንጨቱ አርቀው ተከሉና የፀጉር ማድረቂያ አስይዘውኝ ከታችኛው ጫፍ ወደ ላይ አስጀመሩኝ፤ የቀለጠው መውጫ እንዲያገኝ ነው። እሳት እንዳናስጠጋ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቁን። ሦስት ሰዓት ሙሉ የቱቦ ፀጉር ሠራሁ። በመጨረሻ ቱቦው አንዴ አገሳ፣ ሲንኩ ጎርጎር አለ፣ የአስተርእዮ ዶሮ ወጥም ተሰናበተን።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ስለ እጄ አዘነች፤ ስለ ጠብታው ግን አላዘነችልኝም። “ጠብታን ማን በባዶ ይለቀዋል? ዕቃ ይደረግለታል፣ ሲሞላ ነው የሚደፋው” አለች።

ጋሼም ሲወጡ ያሉን ይህንኑ ነበር። ስለዚህ በብርድ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ማታ ቧንቧችሁን ስትለቁ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡለት፤ ጧት ሲሞላ የፈላ ሳይሆን ሞቅ ያለ ውሃ ጨምራችሁ ባንዴ ልቀቁት። ሲንኩ ውስጥ ማለቴ ነው።