ስድብ የጠፋበት ሻደይ

ዘንድሮም ማንም ሳይሰድበኝ ነሐሴ አለቀ። ይኼ ነው እንግዲህ የሰቆጣ የሻደይ በዓል!

በእኛ ጊዜ ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ወጡ ገና ሳይወርድ ከበሮው ከታች ሰፈር ይሰማ ነበር። ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ለምለሙን የሻደይ ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ቤት ለቤት ይዞራሉ። የሰጠ ይመረቃል፤ የነፈገ ግን ወዮለት! የቀፎውን ብዛት፣ የፍየሉን ቁጥር፣ የእጁን ስስት በኽምጣኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱለታል። ለዳኛ እንኳ ይግባኝ አለው፤ የሻደይ ልጆች ፍርድ እስከ ከርሞ ይጸናል። ጭቃ ሹሙም አይቀርለትም።

ዛሬ ደጃፌ ላይ በርጩማ አውጥቼ ብጠብቅ የሚነካኝ ጠፋ። ልጆቹ መድረክ ላይ ናቸው። አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው፣ ፊት ወንበር ለተቀመጠ እንግዳ ያጠኑትን ያዜማሉ። ከኋላቸው የተሰቀለው ባነር ከዘፈኑ ይረዝማል። የልጅ ልጄን፣ «ምነው፣ አንድ እንኳ የምትነኩት ሰው የለም?» ብላት፣ «አባባ፣ ግጥሙ እኮ ቀድሞ ይታያል» አለችኝ። ይታያል! በእኛ ጊዜ ግጥም የሚታየው የተሰደበው ሰው ፊት ላይ ነበር።

ለቱሪስት ነው ይሉኛል። ይምጣ! እሱም ከነፈገ ይሰደብ።

አዝማሪውማ ብሶበታል። ማሲንቆውን ስፒከር ላይ ሰክቶ፣ ግንባሩ ላይ መቶ ብር የለጠፈለትን ሁሉ ጀግና ያደርጋል። የጣሊያኑ ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. አዝማሪና ጠንቋይ እያስለቀመ ያስገደለው ሥራ ፈትቶ መሰላችሁ? ታንክና አውሮፕላን ያለው ሰውዬ አንዲት የፈረስ ጭራ አስፈርታው ነው። ዛሬ ያቺው ጭራ ቢሮ ስታስመርቅ ትውላለች፤ የሚፈራትም የለ።

ሰውን ለማስደሰትማ ጠላ አለ። ኪነት ሰውን ማሳፈርም አለባት፤ ካላሳፈረች ጭብጨባ ብቻ ናት።

ልጆች፣ ለመጪው ነሐሴ ግጥሙን ለማንም ሳታሳዩ ኑ። ከእኔ ጀምሩ፤ ሰባራ ሳንቲም አልሰጥም። ስትጨርሱ ግን ፊት ወንበር የተቀመጡትን እንዳትዘሏቸው።