ይሉኝታ የሌለው ሪቡት

አዲስ አበባ ተቀምጦ ሩቅ ያለን የሊኑክስ ሰርቨር፣ ሰው እየሠራበት ሳለ፣ ሪቡት የሚያደርግ ባለሙያ ሊመሰገን ይገባዋል። እሱ አንዲት ቃል ይጽፋል፤ ካራቆሬ ላይ የባለጉዳይ ቅጽ ግማሽ ያደረሰችው ጸሐፊ ቀና ብላ «ሲስተም የለም» ትላለች። ከቆላው ሲጓዝ ያደረው ገበሬም ኔትወርኩን ረግሞ ይመለሳል። ጥፋት ሁሉ በኔትወርክ በሚሳበብበት አገር የባለሙያው ስም አይነሳም። ከዚህ የተሻለ የሥራ ዋስትና ከየት ይገኛል?

ቀናተኞች ግን ሊኑክስ ራሱ ይሉኝታ ያውቃል እያሉ ይከራከራሉ። «ሻትዳውን» የተባለው ትእዛዝ የደቂቃ ቀጠሮ ከተሰጠው በየተርሚናሉ ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ 5 ደቂቃ ሲቀረው አዲስ ገቢ ይከለክላል። አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲም አንድን አገልግሎት መጀመሪያ «ሥራህን ጨርስ» ይለዋል፤ በተለምዶ 90 ሰከንድ ታግሶ ነው የሚገድለው። ዴቢያን ላይ ደግሞ ሞሊ-ጋርድ የሚባል ፓኬጅ አለ፤ በኤስኤስኤች ከሩቅ ገብቶ ሪቡት ያለውን ሰው መጀመሪያ የማሽኑን ስም ያስጽፈዋል። ስያሜው የአይቢኤም 4341ን ቀይ ማጥፊያ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ነካክታ ክዳን ካስደረገችበት ሞሊ ከተባለች የፕሮግራመር ልጅ የመጣ ነው ይባላል። በልጅቷ አንፍረድ፤ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። ማስጠንቀቅማ፣ በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያወደመው፣ ካራቆሬንም ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እንኳ ከዋናው በፊት ሌሎች ንዝረቶችን አስቀድሞ ነበር። መሬት ግን «ሩት» የሚባለው የሰርቨር የበላይ ሥልጣን የላትም።

«የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ቀዳዳ ሲገኝበት ያለ ሪቡት አይደፈንም» ይባላል። ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ ምንም እንኳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከርነሉ አንዳንዱን ቀዳዳ ሳይጠፋ መጠገን ቢችልም። የሚገርመው ለሳምንታት ችላ የተባለው ቀዳዳ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፣ ወረፋው በር ሲደርስ፣ አሥር ደቂቃ የማይታገስ ሆኖ መገኘቱ ነው። «ተጠቃሚዎቹ ገብተው ይቀራሉ እንጂ አይወጡም» የሚለው መከላከያ ይሻላል፤ ተርሚናሉን ከፍቶ ቤቱ የሚሄድ ሞልቷል። ለዚህም «ደብሊው» የምትባል ባለ አንድ ፊደል ትእዛዝ ማን ገብቶ ስንት ደቂቃ ሳይነካው እንደቆየ ታሳያለች። በብራውዘር የገባችውን የካራቆሬዋን ጸሐፊ ግን ይህች ትእዛዝ አታያትም፤ ለእሷ ያለው መላ ስልክ ነው። ደውሎ «አሥር ደቂቃ ላቆየው፣ የጀመራችሁትን አስቀምጡ» ማለት ደግሞ የባለሙያ ክብር አይፈቅድም፤ «ማን ልበል?» ብለው ስሙን ይጠይቁታል።