ሦስት ወንድማማቾችን በአንድ ግቢ ማጣያ ዘዴ

ዊንጌት ላይ ሰፋ ያለ ግቢ አለዎት፤ ልጆችም እየደረሱ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የፈቀደው ቢበዛ 500 ካሬ ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉለሌ ውስጥ ስንቱ ግቢ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅና ለተከራይ ሲቆራረስ ኖሯል። የእርስዎም ተራ ይደርሳል። ቦታውን ለሦስት ልጆች አከፋፍለው ሦስቱንም ዕድሜ ልካቸውን ማጣላት ከፈለጉ፣ ሥራው የሚጀመረው እርስዎ በሕይወት ሳሉ ነው።

ከሁሉ በፊት ዋናውን ቤት መሐል ላይ፣ ከአጥር እስከ አጥር ዘርግተው ይሥሩት። ለመተላለፊያ ምንም አይተዉ። ሒሳቡን ልንገርዎ፦ ቦታዎ በ20 በ25 ሜትር ከሆነ፣ በአንድ ጎን ከበሩ እስከ ጓሮው ሦስት ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ የሚወስድብዎ 75 ካሬ ብቻ ነው። የቀረው 425 ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 140 ካሬ ያህል ይደርሰዋል። ግን 75 ካሬ ያሳዝናል፤ ይንፈጉት። ያን ጊዜ ጓሮው የደረሰው ልጅ በወንድሙ ሳሎን ደጃፍ ካልሆነ መውጫ አይኖረውም። ሚስቱ ምጥ ሲይዛት የጳውሎስ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ አምቡላንሱ ግን ከበሩ አያልፍም። ለቅሶ ሲደርስበት የዕድሩን ድንኳን የሚተክለው ሌላው ሲፈቅድለት ነው። እርግጥ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መውጫ ለሌለው ቦታ በጎረቤት መሬት የመተላለፍ መብት ያውቃል፤ የውሃና የመብራት መሥመር በሌላው ቦታ የሚያልፍበትንም ደንግጓል። ልጆችዎ ይህን የሚማሩት ጠበቃ ቀጥረው ይሆናል።

ቀጥሎ ውሃው። ከቆጣሪው የሚነሣውን ቧንቧ በአጥሩ ጥግ ሳይሆን በሳሎኑ ወለል ሥር ይቅበሩት። ለሁለተኛው ቤት ከመጀመሪያው፣ ለሦስተኛው ከሁለተኛው እየቀጠሉ ያሳልፉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የፊተኛው ሮቶ እስኪሞላ የኋለኛው ባዶውን ያድራል፤ ቧንቧው ሲያፈስም ሴራሚክ መስበር ግድ ነው። መብራቱንም በአንድ ቆጣሪ ያኑሩት። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር እየናረ የሚሄድ ነው፤ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በታች የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ለየብቻቸው ቢሆኑ ከታች የሚቀሩ ሦስት ጎጆዎች አንድ ላይ ሲቆጠሩ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣሉ። ምጣድ ያለው ማን እንደሆነ ክርክሩ በየወሩ ይነሣል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የፍሳሹ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ታግዘን ነበር። ዊንጌት የእንጦጦ ተዳፋት ላይ ነው፤ ፍሳሽ ያለ ሞተር ወደ ታች ይወርዳል። ሴፕቲክ ታንኩ በታችኛው በኩል፣ መጣጭ መኪናው ቱቦውን በሚያደርስበት መተላለፊያ ዳር ቢሆን ሦስቱም ቤት በአንድ መሥመር ይገለገሉበታል። ነገ የከተማው የፍሳሽ መሥመር ሲመጣም ያው መተላለፊያ ቱቦውን ይቀበላል። ማበላሸት ከፈለጉ ታንኩን በላይኛው ጥግ ይቆፍሩት፤ የታችኞቹ ቤቶች ለየራሳቸው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ወይም ታች አድርገውት ክዳኑ ላይ ለኪራይ የሚሆን ሰርቪስ ይሥሩበት። በክረምት ሲሞላ የሚፈነዳው ድሃ ተከራይ በተኛበት ክፍል ነው፤ ይህን ስጽፍ አያስቀኝም።

ወረቀቱን ደግሞ ይተዉት። «ያ የአንተ፣ ይህ የእሱ» ብለው በቃል ይንገሯቸው፤ ለእያንዳንዱም ለየብቻ ቢነግሩ ይበልጥ ይሠራል። ክፍለ ከተማው ቦታው መሸንሸን ይችል እንደሆነ አይጠይቁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ 818 ወሰን ተለክቶ በካዳስተር እንዲመዘገብ ያዘዘ ነው፤ ለኪው ሲመጣ ልጆቹ የወሰን ድንጋይ እየተካሰሱ ይጠብቁታል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ 721 ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍና በሽያጭ ሲተላለፍ እኩል እንደማያየው፣ የገዛው ሰው ወደ ሊዝ እንደሚገባ፣ አንዱ ልጅ ድርሻውን ሊሸጥ የተነሣ ቀን ይስሙት።

አንድ ነገር ብቻ እንዳያመልጥዎ። መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት፣ ግቢው ገና ሣር ሳለ፣ ልጆቹን ሰብስበው ገመድ ወጥረው፣ ኖራ ረጭተው መተላለፊያው፣ ቧንቧው፣ ቆጣሪዎቹና ታንኩ የት እንደሚሆኑ እንዳያሳዩአቸው። ካዩ ይጠይቃሉ፤ ከጠየቁም ዋናው ቤት ሦስት ሜትር ወደ ግራ ሊሸሽ ይችላል።