ወለሉ እንዳይጫር

ቅዳሜን ሆኖሉሉ የሚያሳልፍ ሰው ኢዮላኒ ቤተ መንግሥትን ሳያይ አይመለስ። የሚገባው ጫማውን በጨርቅ ሸፍኖ ነው፤ ወለሉ እንዳይጫር። እሰይ፣ ጥንቃቄ እንዲህ ነው!

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1893 ከአሜሪካ የጦር መርከብ የወረዱት ወታደሮችም ጨዋዎች ነበሩ። ያን ዕለት ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ሰፈሩ እንጂ ዘው አላሉም። የሃዋይዋ ንግሥት ሊሊዩኦካላኒ ዙፋናቸውን አጡ፤ ወለሉ ግን ደህና ነው። አዲሶቹ ገዢዎችና ተከታዮቻቸው ከዚያ ወዲያ እስከ 1969 ድረስ ቤቱን መሥሪያ ቤት አድርገው በጫማቸው ተመላለሱበት፤ ያኔ ጨርቅ ተወዶ ይሆናል። ብዙውን ዕቃም በጨረታ ሸጡት። ዛሬ የቤቱ ጠባቂዎች ያንኑ ዕቃ ከያለበት እያሰሱ ይመልሳሉ፤ የሥራ ዕድል የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

ንግሥቲቱ በ1895 እዚያው ፎቅ ላይ ለወራት ታስረው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ሰፍተዋል። እሱም ለጎብኚ ይታያል። ባይታሰሩ ኖሮ ምን ልናይ ነበር?

በ1993 የአሜሪካ ኮንግረስ ለዙፋኑ መገልበጥ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታው የማንንም የይገባኛል ጥያቄ እንደማይዘጋ እዚያው ሰነዱ ላይ ሰፍሯል፤ አደራ፣ ሰው እንዳይሳሳት።

እሁድ ደግሞ ዳይመንድ ሄድ ተራራን መውጣት ነው። ከሃዋይ ውጭ የመጣ እንግዳ አስቀድሞ ካልተመዘገበና ካልከፈለ አይገባም። ደንቡ የወጣው በ2022 ነው፤ ትንሽ ዘግይቷል።