ራሳችን ጠብሰን፣ ራሳችን ከፍለን

የኮሪያ ጥብስ እንወዳለን፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅልን። በአኩሪ አተር መረቅ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በሰሊጥ ዘይትና በተፈጨ ፒር ተዘፍዝፎ የቆየውን ቡልጎጊ እንወዳለን። ከነአጥንቱ መጥቶ እሳቱ ላይ በመቀስ የሚቆራረጠውን ጋልቢ እንወዳለን። ሥጋውን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልሎ በአንድ ጊዜ መጉረስንማ ማንም ሊያስተምረን አይችልም። ኮሪያውያንም ጠቅልለው የሚወዱትን ሰው ያጎርሳሉና በዚህ በኩል ዘመድ ነን። ስለምንወደው ነው ቅዳሜ ማታ ልጆቻችንን ጭነን እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ከአሌክሳንድሪያ ወደ አናንዴል የምንነዳው። ስለምንወደውም ነው እንዲህ የሚያንገበግበን።

መንገዱ ቀላል ነው። ዱክ ስትሪትን ይዞ ወደ ምዕራብ መንዳት ነው፤ ከተማውን ሲለቅ ስሙ ሊትል ሪቨር ተርንፓይክ ይሆናል፤ አናንዴል ሲደርስ ደግሞ የሱቁ ሁሉ ማስታወቂያ በኮሪያ ፊደል ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ደስ ብሎን እንነዳለን። ደስታው የሚያበቃው መኪና ማቆሚያው ጋ ነው። ምግብ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ የጥርስ ሐኪሙና የልብስ ንጽሕና መስጫው አንዲት ጠባብ ማቆሚያ ይጋራሉ። የጥርስ ሐኪሙ በዚያ ሰዓት ዘግቶ ቤቱ ገብቷል፤ ምልክቱ ግን «ለታካሚዎች ብቻ፣ የሌላ ሰው መኪና ይጎተታል» እያለ ቆሞ ያድራል። ቦታው ባዶ ነው፤ እኛም አንቆምበትም። እንዞራለን። ከፊታችን ያለው ይዞራል፤ ከኋላችን ያለውም ይዞራል። አንዱ በልቶ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሲገባ ሦስት መኪና ፍሬቻ አብርቶ ይጠብቀዋል፤ እሱ ግን ሞተር አስነስቶ ስልኩን ያያል።

ከዚያ ወረፋው አለ። በር ላይ በተሰቀለች ታብሌት ስማችንንና ስልካችንን እንጽፋለን። ስንት ደቂቃ ነው? አርባ አምስት። አርባ አምስቱ ካለፈ በኋላ እንጠይቃለን፦ ስንት ቀረን? ትንሽ ነው። ትንሹ ካለፈ በኋላ እንጠይቃለን፦ አሁንስ? ከፊታችሁ ስድስት ጠረጴዛ አለ። ታዲያ መጀመሪያውኑ «ሁለት ሰዓት ይፈጃል» ብሎ መንገር ምን ይጎዳ ነበር? ምክንያቱን እናውቀዋለን፤ ቁርጡን የሰማ ሰው ትቶ ይሄዳል። እንዳይሄድ ሲባል በአርባ አምስት ደቂቃ ይታሰራል። ወዲያ ወዲህ ብለን ቡና እንዳንጠጣ ደግሞ «ጠረጴዛችሁ ዝግጁ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልመጣችሁ ይሰረዛል» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ማንም ከበሩ አይርቅም። አራት ሰው በምትይዝ አግዳሚ ወንበር ዙሪያ ሠላሳ ሰው ይቆማል፤ ሕፃን የታቀፈች እናት ትቆማለች፤ ምርኩዝ የያዙ እማማ ይቆማሉ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የጥብሱ ሽታ ወጥቶ ያውደናል።

ከሁሉ የሚያበሳጨን በመስታወቱ ውስጥ ባዶ ጠረጴዛ መታየቱ ነው። አንድ አይደለም፤ አራት አምስት ነው። ሰው ተነስቶ ከሄደ ቆይቷል፤ ባንቻን የሚባሉት ማባያዎች የመጡባቸው ትንንሽ ሳህኖች ግን አልተነሱም፤ የጠቆረው የብረት ፍርግርግ አልተቀየረም። ለአንድ ጠረጴዛ ስምንት ዘጠኝ ዓይነት ትንንሽ ሳህን ይቀርባል። ያንን ሁሉ የሚሰበስቡት፣ ምድጃውን የሚያጸዱት፣ ሥጋውን የሚያመጡት፣ ውሃ የሚሞሉትም እነዚያው ሦስት አስተናጋጆች ናቸው። በእነሱ ላይ ቅሬታ የለንም። ከእኛ መካከል ያንን ሥራ ሠርቶ ያደገው ብዙ ነው፤ እሳት ይዞ በሰው መሃል መሮጥ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ቅሬታችን ሠላሳ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሦስት ሰው የሚቀጥረው ባለቤት ላይ ነው።

ተራችን ሲደርስ ሌላ ሕግ ይጠብቀናል፤ ሁሉም ሰው ካልተሟላ አንድም ሰው አይቀመጥም። ሕጉ ምክንያት አለው፤ ግማሽ ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። ይህን እንረዳለን። የማንረዳው የገዛ ወዳጆቻችንን ነው። ስምንት ሰው ተቃጥረን ሰባታችን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ቆመናል፤ ስምንተኛው የለም። ይደወልለታል። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ፤ 395 ላይ ነኝ» ይላል፤ ከኋላው ግን የልጆቹ ካርቱን ይሰማል። እንደገና ይደወላል። «ደረስኩ፣ ፓርኪንግ እየፈለግኩ ነው» ይላል፤ ካርቱኑ አሁንም አለ። የእኛ ተራ ለሌላ ይሰጣል። ከእኛ በኋላ የመጡት ገብተው ይቀመጣሉ፤ ሥጋቸው ይመጣል፤ ይጠብሳሉ፤ ይጎርሳሉ፤ እኛ በመስታወት እናያለን። ሰውየው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ «እስካሁን አልገባችሁም እንዴ?» ነው።

ገባን እንበል። «የቻላችሁትን ያህል ብሉ» በሚባለው ቤት ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተቀመጥንበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ዘጠና ደቂቃ ነው የተሰጠን። ምድጃው ሳይለኮስ ይቆጠራል፤ ውሃ ሳይመጣ ይቆጠራል፤ ያዘዝነው ሥጋ ከወጥ ቤት ሳይወጣ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ሳህን ሲደርስ ከዘጠናው ሃያው አልቋል። ሁለተኛውን ዙር ስናዝዝ አስተናጋጁ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሴኡል ውስጥ በብዙ ቤቶች ጠረጴዛው ላይ መጥሪያ ቁልፍ አለ፤ ተጭኖ መጥራት ነው። እኛ በምንሄድበት ቤት ያለውን ቁልፍ ግን ብንጫነውም ማንም አይመጣም። እጅ እናነሳለን፤ አንገት እናሰግጋለን፤ በዓይን እንለማመጣለን። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ግን ሳንጠራቸው ይመጣሉ፤ «የመጨረሻ ትዕዛዝ» ይሉናል። ፈርተን ብዙ ካዘዝን ሌላ ጣጣ አለ፤ የተረፈ ሥጋ በክብደት ያስቀጣል። ስለዚህ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ጠግቦ የተቀመጠው ሁሉ ጥሬው እንዳይተርፍ ሲል እየተጨነቀ ይበላል። ለመደሰት የወጣ ሰው ለምን ተጨንቆ ይብላ?

ጠባሹንም እናስበው። በየጠረጴዛው አንድ ሰው መቆንጠጫውን ይይዛል፤ ያ ሰው በዚያ ማታ አይበላም። ብዙ ጊዜ ከሁሉ ትሑቱ ነው፤ ወይም ምድጃው አጠገብ መቀመጫ የደረሰው ነው። እሱ ሥጋውን ያገላብጣል፤ ሰባቱ ከፍርግርጉ ላይ ይለቅማሉ። «አንተም ብላ እንጂ!» ይባላል፤ «እሺ፣ እበላለሁ» ይላል፤ ጥሬውን እንደገና ይጨምራል። መቆንጠጫው ደግሞ አንድ ነው። ጥሬውን ያነሳንበት የበሰለውን ያነሳል። የበሬ ሥጋ ከሆነ ብዙዎቻችን ግድ የለንም፤ ከጥሬ ሥጋ ጋር ያደግን ሰዎች ነን። የዶሮ ሥጋ ግን ጨዋታ አይደለም፤ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይደርስ የሚበላ አይደለም። ሁለተኛ መቆንጠጫ ስንጠይቅ ሊሰጡን ይገባል፤ እንዲያውም ሳንጠይቅ ሊቀርብ ይገባል።

ወደ ዋናው ብሶታችን እንምጣ፤ ወደ አሳማው። አሳማ አንበላም። ክርስቲያኑም አይበላም፤ ሙስሊሙም አይበላም፤ እዚህ አገር መጥቶ መብላት የጀመረውም እናቱ ባለችበት ጠረጴዛ አይበላም። ኮሪያውያን ደግሞ ሳምግዮፕሳል የሚሉትን የአሳማ የሆድ ሥጋ ከምንም በላይ ይወዱታል፤ መብታቸው ነው። ግን ለአራት ሰው ተብሎ የተዘጋጀው ገበታ ብዙ ጊዜ አሳማ አለበት። «አሳማውን አውጡልንና በበሬ ቀይሩልን» እንላለን። እሺ ይባላል። ሳህኑ ይመጣል፤ በስሱ የተቆረጠው ፍርምባ ከአሳማው ጋር ተደራርቦ ይመጣል። «ይህን አንፈልግም ብለን ነበር» እንላለን። አሳማውን በመቆንጠጫ አንስተው ያወጡና ፍርምባውን ይተዉልናል! ምን ለውጥ አመጣ? እማማ እጃቸውን ከገበታው ሰብስበው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ማን አግባብቶ ያጎርሳቸዋል? ሌላ ሳህን እስኪመጣ ከዘጠናው ደቂቃ አሥራ አምስቱ ይሄዳል።

ፍርግርጉም እንደዚያው ነው። ሲጠቁር ሳይጠየቁ ይቀይሩታል፤ መቀየር አያቅታቸውም። እኛ ግን ገና ስንቀመጥ «ንጹሕ ይሁንልን» ስንል ቅንጦት የጠየቅን ያህል ይታይብናል። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የሚደርስባቸው ይብሳል። ሐላል የሚያቀርብ ቤት ካልተገኘ ለወዳጅነት ብለው መጥተው ሩዝና ሽሪምፕ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ክፍያቸው ግን ጎድን ከሚበላው እኩል ነው። የቻሉትን ያህል በሚበላበት ቤት ከጠረጴዛው አንዱ የተለየ ዋጋ መክፈል አይችልማ።

የሥራ ባልደረቦቻችን ደግሞ ሁልጊዜ ዓርብን ይመርጣሉ። ዓርብ ጾም ነው። እንሄዳለን፤ ብንቀር እንዳያሙን ብለን ነው። የቀረቡትን ትንንሽ ሳህኖች እያየን ቢያንስ አትክልቱ አለ ብለን እንጽናናለን፤ የባቄላ ቡቃያው፣ ስፒናቹ፣ ድንቹ አለ። ኪምቺው ግን ብዙ ጊዜ በጨው የተያዘ ሽሪምፕ ወይም የዓሣ መረቅ ይገባበታል። ስንጠይቅ አስተናጋጁ «አትክልት ነው» ይለናል። ሩዝ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለን በልተን እንወጣለን፤ ሂሳቡ ሲካፈል ግን እኩል ይካፈላል።

ጢሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጣሪያ የሚወርድ ጢስ ማውጫ ቱቦ አለ፤ ተስቦ ወደ እሳቱ ካልቀረበ አይሠራም፤ የሚስበው የለም። ካፖርታችን ይሸታል፤ ሹራባችን ይሸታል፤ በስንት ሰዓት የተሠራው የሴቶቹ ሹሩባ ይሸታል። እሑድ ጠዋት ነጠላ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ስንቆም ከዕጣኑ በላይ ትናንት የበላነው ጎድን ይሸተናል። አንዳንድ ቤቶች ካፖርት መክተቻ ትልቅ ላስቲክ ይሰጣሉ፤ ቀላል ነገር ነው፤ ሁሉም ቢያደርገው ምን አለ?

መጨረሻ ላይ ሂሳብ ይመጣል። ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆንን ጉርሻው በራሱ ጊዜ ተደምሮ ይመጣል፤ 18 በመቶ ወይም 20 በመቶ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ የጉርሻ መስመር ባዶውን ተቀምጧል። ያላስተዋለ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ብዙዎቻችንም ከፍለናል። በኮሪያ አገር ጉርሻ መስጠት ልማድ አይደለም፤ ምግቡ ባሕር ሲሻገር ጉርሻው እዚህ ተጨመረበት። ለአስተናጋጁ መስጠቱን አንጠላም፤ ግን «አገልግሎት ተጨምሯል» ብሎ በትልቅ ፊደል መጻፍ የባለቤቱ ግዴታ ነው። የጠበስነው እኛ፣ የቆራረጥነው እኛ፣ ያጎረስነው እኛ ነን፤ ቢያንስ የምንከፍለውን በግልጽ እንወቅ።

ይህን ሁሉ የምንለው ለባዕድ ሰው አይደለም። የኢትዮጵያው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ ዘምተዋል፤ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ አገልግለዋል፤ ቹንቾን ከተማ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በዕድሜ የገፉ ኮሪያውያን ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል፤ እኛም ልባችን ይሞላል። ለዘመድ ደግሞ ቁርጡን መናገር ይቻላል።

እናም ባለቤቶች፣ ወረፋው ሁለት ሰዓት ከሆነ ሁለት ሰዓት በሉን፤ የሚጠብቅ ይጠብቃል። ሰዓቱን ሥጋው ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ መቁጠር ጀምሩ። አሳማውን በሌላ ሳህን፣ በሌላ መቆንጠጫ አምጡ። ሁለት አስተናጋጅ ጨምሩ፤ ባዶዎቹ ጠረጴዛዎች ደመወዛቸውን ይከፍላሉ። እናንተ የምትዘገዩ ወዳጆቻችን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ «መጣሁ» ከማለታችሁ በፊት ጫማችሁን አድርጉ።